ለአርባ አንደኛው ጥርስ ሞጣ ድረስ

መንገድ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ከጉለሌ ቤቴ ወጥቼ ፒያሳ ለመድረስ እንኳ በሩን መቆለፌን ሁለት ጊዜ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ብቸናና ሞጣ ደርሼ መጣሁ ስላቸው የሚያውቁኝ ሁሉ ሳቁ። ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል ለማያገኙ አንባቢዎች መንገዱን እንዳየሁት እጽፋለሁ። ግን ለምን እንደሄድኩ አስቀድሜ ካልተናገርኩ ጭንቀቴ ሁሉ የእብድ ይመስላል።

የሒሳብና የመካኒክ ሽልማት የሚባል ነገር አለ። ያቋቋሙት አንድ ሽማግሌ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ሲሞቱ አንድ ሣጥን ሙሉ የናስ መሣሪያ ትተው፣ በቁጥር አስቦ በእጁ ሠርቶ ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር ላሳየ የአገር ልጅ በየዓመቱ አንድ አንድ እንዲሰጥ ተናዘዙ። የመጀመሪያው ተሸላሚ ውሃ ልኩን ወሰደ፤ ሁለተኛው ማዕዘን መለኪያውን። እንዲህ እንዲህ እያለ ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ኮሚቴው ሜዳሊያ ማስቀረጽ ጀመረ። ከሣጥኑ የመጨረሻውን ዕቃ፣ ክብ የሚሣልበትን ባለ ሁለት እግር የናስ ኮምፓስ፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ሞጣ መምህር ነበርኩ። የተሸለምኩት ለትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ባሠራሁት የውሃ መሳቢያ ነው። ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት መዘውሮች፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ተናክሰው ይዞራሉ፤ ትንሹን የሚያዞር ሰው ሙሉ ባልዲ ያለ ድካም ያወጣል። በዚያ ሽልማት የተነሣ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርኩ፤ ቆይቶም ራሴ የሽልማቱ ኮሚቴ አባል ሆንኩ። ዘንድሮ ኮሚቴው የሽልማቱ ታሪክ ተጽፎ እንዲታተም ወሰነና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። የሁሉንም ዓመት ወረቀት አገኘሁ፤ የጎደለው የራሴ ዓመት ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። የዳኞቹ ጸሐፊ በነበሩት በመሪጌታ ልሳነወርቅ እጅ ብቸና ቀርቷል ተባለ።

ይህ ለሰው የምነግረው ምክንያት ነው። እውነተኛው ሌላ ነው። መሳቢያውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ትልቁ መዘውር አርባ ጥርስ፣ ትንሹ አሥር ጥርስ እንዲኖረው ያሰላሁትም እኔ ነኝ። ብረቱን የሠራው ግን አያ ደርበው የሚባል የሞጣ ቀጥቃጭ ነው፤ ገደል ከቀረ የጣሊያን ካሚዮን ብረት ቆርጦ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ አውጥቶ። ሠርቶ ሲያመጣው ብቆጥረው የትልቁ ጥርስ አርባ አንድ ሆነብኝ። «መቁጠር አትችልም እንዴ?» ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩበት። ዝም አለ። ዳኞቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ስለቀረ እንዳለ ገጠምነው።

ዳኞቹ መጥተው ከሁሉ በላይ ያደነቁት ያችኑ ትርፍ ጥርስ ሆነ። አርባና አሥር ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ጥርስ ሁልጊዜ ከእነዚያው ከሚያውቃቸው ጋር ብቻ እየተፋጨ ቶሎ ይበላ ነበር። አርባ አንድ ሲሆን ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር በተራ ይገናኛል፤ ብረቱ እኩል ያልቃል። «ይህን እንዴት አሰብከው?» አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬን ትሕትና አድርገው ጻፉት።

እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ያፈንኩትን ነገር፣ አሁን በራሴ እጅ ታሪክ ብዬ ልጽፈው ነው። የሄድኩት ከዚያ በፊት ኮምፓሱን ለአያ ደርበው ላስረክብ ነው።

ሰኞ። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ ነበር፤ ኮምፓሱን በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣው ውስጥ ማስገባቴን አራት ጊዜ አይቻለሁ። እንጦጦን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ ብርዱ ከጉለሌ ብርድ የባሰ ነው፤ የእኛ ብርድ ቢያንስ የባሕር ዛፍ ጢስ ይቀላቀልበታል። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይኔን መጨፈኔን አይተው «አይዞህ ልጄ፣ ሾፌሩም ልጆች አሉት» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ማታ ደጀን አደርን። አልጋው ንጹሕ ነው፤ በሩ ግን ከውስጥ አይቆለፍም፣ ስለዚህ ወንበር ደግፌበት ተኛሁ።

ማክሰኞ። ከደጀን ወደ ብቸና የሚሄድ ላንድሮቨር አገኘሁ። አገሩ ጤፍ ብቻ ነው፤ ገና ያልታጨደው ነፋስ ሲነካው ወዲያና ወዲህ ይተኛል። አዲስ አበባ ጤፍ የምናውቀው በጆንያ ነው። ይህን እያየሁ ልቤ ትንሽ ረጋ ብሎ ነበር። ብቸና ወርጄ ሻንጣዬን ስጠይቅ ግን የለም። ደጀን ላይ ከጎናችን ቆሞ በነበረ፣ ወደ የጁቤ በሚሄድ መኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ ኖሯል። ኮምፓሱ በዚያ ነው፤ ያለ እሱ አያ ደርበው ፊት ምን ይዤ እቆማለሁ? ያረፍኩበት ቤት ባለቤት «የጁቤ የት ይሄዳል? ዕቃው ይመጣል» ብለው እራት አቀረቡልኝ። የበላሁትን አላስታውስም።

ረቡዕ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ባላገር ሻንጣዬን በበቅሎ ጭኖ ደረሰ። በምሽት ተነሥቶ ነው የመጣው። ላመሰግነው ስል እጁን አነሣና «መጀመሪያ በሰው ፊት ይክፈቱት» አለኝ። ሁለት ሰው ጠርቶ ምስክር አቁሞ፣ ያለኝን ሁሉ አስቆጠረኝ። ኮምፓሱ ከነፎጣው አለ። «እንግዲህ ምንም አልጎደለም ብለው ይናገሩ» አለ፤ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ። የእኛ ሰፈር ሰው ቢሆን ሻንጣውን ፖሊስ ጣቢያ ጥሎ ይሄድ ነበር፣ ያውም ደግ ከሆነ። ሰውየው ምስክር ሲያቆም እያየሁ ለምን እንዳፈርኩ አንባቢ ይገባዋል።

ከዚያ መሪጌታ ልሳነወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፤ ቅኔ የሚቀጽሉ ተማሪዎች በየጥጉ እያጉተመተሙ ይዞራሉ። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመስንም፤ ኋላ አሹቅና ጠላ መጣ። ቃለ ጉባኤውን ከመጽሐፍ ማኅደር ውስጥ አወጡልኝ። በራሳቸው ያማረ ጽሕፈት «መምህር ኃይሉ በረቀቀ የቁጥር ዕውቀቱ ከአርባው ላይ አንዱን ጨመረ» ይላል። ሳልጨርሰው አጥፌ መለስኩላቸው።

«ምነው ልጄ? አመመህ?»

ነገርኳቸው። ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። መሪጌታ ጢማቸውን እየዳበሱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «አንተ ያን ቀን ስትመሰገን ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረህም። ቢሆንም ምክሬን ስማኝ፤ ይቅር። ቀጥቃጭ ወሰደው ከተባለ ነገ የካህን ልጅ ለዚህ ሽልማት አይወዳደርም። ሰውየውም ቢሆን ስሙ በየአደባባዩ እንዲነሣ አይፈልግም። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችው ይባላል። ለእሷም አይበጃት።»

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ስሰማ ቀለለኝ። ለሰውየው ስል ነው ዝም የምለው ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ ሞጣ ደርሼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አያ ደርበውም «ተወው» ይለኛል፣ እኔም በሰላም እመለሳለሁ። ያን ቀን ብቻ ነው በመንገዱ ሁሉ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት።

ሐሙስ። የሞጣን ዕቃ በጫነ መኪና ከሾፌሩ ከበቀለ ጎን ተቀመጥኩ። በስተግራ የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ አብሮን ይሄዳል። ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ከሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። በቀለ ወርዶ አየና «ባሌስትራው ተሰበረ፤ ዛሬ እዚህ ነን» አለ፣ ዝናብ ዘነበ እንደማለት ያህል ቀለል አድርጎ። ቅዳሜ ተመላሽ መኪና ካላገኘሁ ኮሚቴው ለሚሰበሰብበት ቀን አልደርስም። ሰዓቴን ሳየው «ብታየው አይጠገንም፣ መምህር» አለኝ በቀለ።

ከመንገዱ ዳር ያሉ አንዲት ባልቴት፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ አስገቡን። እግሬን ሊያጥቡኝ ውሃ አሞቁ፤ እንቢ ስል ተቆጡኝ። እርጎ በማር አቀረቡ፣ መደባቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው መሬት ላይ አነጠፉ። እኔ በጉለሌ ስኖር የጎረቤቴን ስም እንኳ በቅጡ አላውቅም። አመሻሽ ላይ በቀለ የተሰበረውን የባሌስትራ ብረት እንዲያስር ከቁልቁለቱ በታች ያለ ቀጥቃጭ አስጠራ። ሰውየው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም፣ ማንም ግባ አላለውም። ሥራውን ሲጨርስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠላ በተሰነጠቀች ቅል ቀድተው ሰጡት። ሲጠጣም ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ከሄደ በኋላ ቅሏን በእንጨት ገፍተው ከአጥሩ ሥር አኖሯት።

«ለእነሱ ያስቀመጥኳት ናት» አሉኝ፣ እንግዳነቴን አይተው ሊያስረዱኝ። «ሞጣስ ማን ዘንድ ነው የምትሄደው?»

«ትምህርት ቤት» አልኳቸው። እንዲህ ደግ ሆነው ሳለ ዋሸኋቸው።

ዓርብ። እኩለ ቀን ላይ ሞጣ ገባን። ከተማዋ ከተውኳት ወዲህ ሰፍታለች፤ ቆርቆሮው በዝቷል። እግሬ ሳላዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ወሰደኝ። መሳቢያው ይሠራል። ጥርሶቹን በጣቴ ዳሰስኳቸው፤ ሁሉም እኩል ለስልሰዋል፣ አንድም የተበላ የለም። አንዲት ሴት እንስራዋን ሞልታ ስትጨርስ «ማን እንደሠራው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። «የአዲስ አበባ መምህር ነው አሉ፣ ተምሮ የረቀቀ» አለችኝ። ፈጥኜ ሄድኩ።

የአያ ደርበው ቤት ከጅረቱ ማዶ ነው፤ ከሌላው ሰው ቤት ራቅ ይላል። ተሻገርኩ። በግራር ዛፍ ሥር ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ማረሻ ይመታል። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጠውን ሰው «አንተ» እያልኩ ነበር የማዘው፣ በዚህም ጽሑፍ ላይ እስካሁን እንደዚያው ነው የጻፍኩት። ከዚህ በኋላ ግን አንቱ እላቸዋለሁ።

«አያ ደርበው፣ እንዴት ሰነበቱ?»

ቀና አሉ። «መምህር ኃይሉ? ምነዋ አንቱ አሉኝ? ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩና ሳልቀመጥ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ጩኸቴ፣ ስለ ዳኞቹ ጥያቄ፣ ስለ ዝምታዬ፣ ስለሚታተመውም መጽሐፍ። በጉጠት የያዙት ብረት ቀይ የነበረው እየጠቆረ ሄደ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሲጠይቁዎ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

የምገባበት ጠፋኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እኔን ማን ይሰማኛል? እርስዎ ይነግሯቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ ይነግሯቸዋል፣ ነገ ይነግሯቸዋል እያልኩ ሰነበትኩ። ኋላ አዲስ አበባ ገቡ ሲሉ ሰማሁ።»

ኮምፓሱን ከፎጣው አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ገለባበጡት፣ ከፈት ዘጋ አደረጉት። «መጋጠሚያው ላልቷል» አሉና ትንሿን መዶሻ አንሥተው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው መለሱልኝ። «የእኔ ዕቃ አይደለም፣ ይያዙት። መጽሐፍ ይወጣል አሉ እንጂ?»

«አዎ፣ ይወጣል።»

«ስሜ ይገባል?»

ይህን አልጠበቅሁም። ሐሙስ ሙሉ በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር በአፌ መጣ። «ለእርስዎ ክፉ እንዳይሆን ፈርቼ ነው፣ አያ ደርበው። ለልጅዎም... መሪጌታም ቢቀር ይሻላል ብለውኛል።»

«መሪጌታ ደግ ሰው ናቸው» አሉ። «ግን ቀጥቃጭ መሆኔን የማያውቅ ሞጣ ውስጥ ማን አለ? ከምኑ ነው የምትሸሽጉኝ?» ብረቱን እሳት ውስጥ መለሱት። «ሰው የማያውቀው እንደማስብ ነው። እሱን ይጻፉልኝ። ስሜን ከነአባቴ፣ ቀጥቃጭ ብለው። መምህሩን ረዳው ብለው ግን እንዳይጽፉ፤ ያን ጊዜ አልረዳሁዎትም፣ አርሜዎት ነው።»

«እጽፋለሁ» አልኩ። ስናገር ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እፎይታዬ ሁሉ እዚያው ጠፋ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ይህን ማንበብ አለብኝ ማለት ነው።

ባለቤታቸው ቂጣና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይዘው ወጡ። ሰሃኑን ግን አላስቀመጡትም፤ ቆመው አዩኝ። «ያን ጊዜ ስንት ቀን ደጃችን ሲመላለሱ አንዲት ጉንጭ ውሃ አልቀመሱም» አሉ፣ ሳይቆጡ። ተቀብዬ ተቀመጥኩ። የተማርኩ ነኝ፣ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ቡዳ የሚባል ወሬ አላምንም እላለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንዳያዩኝ አጎንብሼ ዋጥኩት። አያ ደርበው አይተውኛል፤ ድንቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሁለተኛው ጉርሻ ቀለለኝ። ቂጣው ትኩስ ነበር፤ ብዙ በላሁ።

ልጃቸው ይታይሽ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ዓይን አፋር ያልሆነች ወጣት ናት። እስከ ጅረቱ ሸኘችኝ። «መጽሐፉ ሲመጣ የማነብለት እኔ ነኝ» አለችኝ። «አባቴ ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም። ቁጥሩንም በጠጠር ነው የሚያስበው። ያን ጥርስ ያገኘ ዕለት ጠጠሮቹን በክብ አድርጎ እየዞረ ሲቆጥር አመሸ። አንድ ሲጨምር ሁሉም ከሁሉም ተገናኘ ብሎ እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ አሳያት።»

ቅዳሜ በበቀለ መኪና ተመለስኩ። ስለ መመለሻው መንገድ የምጽፈው የለኝም፤ ዓባይን ስንወርድ ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ የምፈራው ሌላ ነገር ነበረኝና።

አያ ደርበው እንዳሉኝ ጽፌ ኮሚቴው ፊት አነበብኩት። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው «ቀጥቃጭ ብለን ካተምን ሽልማቱን ከእንግዲህ ማን ደስ ብሎት ይወስደዋል?» አሉ። «አንተንም ይህን ከነገርከን በኋላ ተሸላሚ ብለን አንጽፍህም።» አንድ አባል ብቻ ተቃወመ፤ አልበቃም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮሚቴው አባል አይደለሁም። መጽሐፉ በጥሩ ወረቀት ታትሞ ወጣ። በእኛ ዓመት ቦታ የተጻፈው «በዚህ ዓመት ሽልማቱ አልተሰጠም» የሚል ነው።

ይታይሽ መጽሐፉን ትጠብቃለች። አልላክሁላትም። በእሱ ፈንታ ይህን ማስታወሻ ነው የጻፍኩት፤ በመጪው ሳምንት በቀለ ያደርስልኛል። ሳስበው አሁንም እፈራለሁ። ያልላክሁት መጽሐፍ የእኔ ሌላ ዝምታ ይመስላቸው እንደሆነ ብዬ እፈራለሁ።

ይታይሽ፣ እስካሁን ያለውን በለሆሳስ አንብበሽ ከሆነ ግድ የለም። ከዚህ በታች ያለውን ግን አባትሽ ቁጭ ብለው፣ እናትሽም ባሉበት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

የሞጣ ትምህርት ቤት የውሃ መሳቢያ አርባ አንድ ጥርስ አለው። አርባ አንደኛውን ያሰቡትም የሠሩትም ቀጥቃጭ ደርበው ዓለሙ ናቸው። እኔ አርባ ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር።